የትንሿ አሳማ ድምፅ፦ ለሐረር ወዳጄ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ውድ ወዳጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? ቤተሰቡ፣ ልጆቹ፣ የጀጎል ጎረቤት ሁሉ ደህና ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ የድሬ ሙቀት ብቻ እንደምታውቀው ነው። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዓመት አልፎታል። ዝምታዬን ይቅር በለኝ፤ ጥያቄህን ግን አልረሳሁትም። «ለልጆች የምንቀርጸው ተረት ላይ የሽኮኮዋ ድምፅ አልመጣልንም፤ ልጆቹ ሲሞክሩት ይንጫጫል እንጂ አያሳዝንም» ብለህ ነበር። ከታች ደግሞ «ያ የካርቱኑ የአሳማ ግልገል ድምፅ የማን ነው?» ብለህ ጨምረህበታል። መልሳቸው አንድ ቦታ ስለሆነ አብሬ እጽፍልሃለሁ።

ሰውየው ጆን ፊድለር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ፕላትቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግሎ፣ ከዚያ ኒው ዮርክ ገብቶ ትወና ተማረ። አጠር ያለ፣ ራሱ በራ፣ መነጽር የሚያደርግ ሰው ነበር፤ ያየው ሁሉ የባንክ ጸሐፊ ይለዋል እንጂ ተዋናይ አይለውም። ድምፁ ቀጭንና ከፍ ያለ፣ ግን ጥርት ያለ ነው። ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ድምፅ ለካርቱን ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። በ1957 በወጣው «12 ቁጡ ሰዎች» ፊልም ላይ አባቱን ገድሏል ተብሎ በተከሰሰ ልጅ ላይ እንዲፈርዱ ከተመረጡት 12 ተራ ዜጎች መሀል ሁለተኛው ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው ሰውዬ በዚያው በራሱ ድምፅ ነው የሚናገረው። ፒግሌት የምትባለው የአሳማ ግልገል አፍ ውስጥ የገባው ደግሞ ከዚያ 11 ዓመት ዘግይቶ፣ በ1968 ነው፤ ያኔ ዕድሜው 43 ነበር። ከጓደኛዋ ከድቡ ከዊኒ ዘ ፑ የካርቱን ፊልሞች በመጀመሪያው፣ በ1966ቱ፣ ፒግሌት ጭራሽ የለችም።

እስቲ ያንን የዳኞች ፊልም አግኝተህ ለልጆቹ አሳያቸው፤ ሙሉውን ባይችሉ እንኳ ስለ ጩቤው የሚከራከሩበትን። ሟቹ አባት ቁመቱ 6 ጫማ ከ2 ኢንች ነው፣ ተከሳሹ ልጅ 5 ጫማ ከ7፤ ቁስሉ ግን ከላይ ወደ ታች የገባ ነው። ይህ ነገር ልክ አይመጣልኝም ብሎ የሚያነሳው ፊድለር ነው። ክፍሉ ውስጥ በጩኸት የሚያሸንፉት ብዙ ሰዎች አሉ፤ እሱ ድምፁን አያጎላም፣ አያወፍርም። እንደ ፈራ ይጀምርና አረፍተ ነገሩን ሳይውጥ ይጨርሰዋል። የሽኮኮህ ነገር እዚያ ውስጥ አለልህ። ፈሪ ገጸ ባሕርይ የሚያሳዝነው ድምፁ ስለ ቀጠነ አይደለም፤ እየፈራ ሊናገር የፈለገውን ሲናገር ነው።

ያው ድምፅ ሌላ ቦታ ሲገባ ደግሞ ያስፈራል። «ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን» በተባለው ድራማ፣ በ1959 በመድረክ በ1961 በፊልም፣ ሊንድነር የሚባለውን ሰው ተጫውቷል። ሊንድነር ነጮች ብቻ ወደሚኖሩበት ሰፈር ቤት ገዝተው ሊገቡ ወዳሉ ጥቁር ቤተሰብ ይመጣና፣ እንዳይገቡ ገንዘብ እንስጣችሁ ይላቸዋል። በዚያችው በለስላሳዋ ድምፅ፣ በትሕትና! ሰውነቴን የሚወረኝ እሱ ነው። በ1967 በስታር ትሬክ አንድ ክፍል ላይ ደግሞ ገዳይ መንፈስ ያደረበት ባለሥልጣን ሆኗል። ጉሮሮው አንድ ነው፤ የሚለየው ሰውየው የሚፈልገው ነገር ነው። ስለዚህ ልጆቹን «ሽኮኮ ሁኑ» አትበላቸው። «ሽኮኮዋ አሁን ምን ትፈልጋለች? ለማን ነው የምትናገረው? ጅቡ ስንት እርምጃ ይርቃል?» በላቸው። ሦስት እርምጃ የሚርቅ ጅብና ከኮረብታው ማዶ ያለ ጅብ አንድ ዓይነት ትንፋሽ አያስወጡም።

አሁን ወደ ጉሮሮው። ልጆቹ ሲያቀጥኑት ለምን ይንጫጫል? ማንቁርታቸውን ወደ አገጫቸው ስለሚጎትቱት ነው። ማንቁርት ሲወጣ ከድምፅ አውታሩ እስከ ከንፈር ያለው መንገድ ያጥራል፣ ጡንቻው ይጨመቃል፣ የጆሮ ስሜት እጅግ የሚነቃበት የድምፅ ክልል፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለው፣ ይሞላል። ሰሚውን የሚወጋው ያ ነው። ልጁ ጣቱን ማንቁርቱ ላይ ያድርግና መስመሩን በራሱ ድምፅ፣ ለጓደኛው ምስጢር እንደሚነግር ያንብበው። ከዚያ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ኖታ ብቻ ከፍ ያድርግ። ጣቱ ሥር ያለው እብጠት ሽቅብ ከሄደ አልፏልና ይመለስ። ከቀረጻ በፊት ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስትሮ ከትቶ፣ 2 ሴንቲሜትር ያህል አጥልቆ፣ «ኡ» እያለ 3 ደቂቃ ያንቦቅቡት፤ አውታሩን ሳይጎዳ ያፍታታዋል። ድምፅ ለማሳረፍ ብለው ግን አያንሾካሹኩ። ብዙ ሰው ማንሾካሾክ ዕረፍት ይመስለዋል፤ ጉሮሮ የሚያርፈው ዝም ሲሉ ነው።

ደብዳቤህ ላይ ሽኮኮዋን እንደ ድቡ እንደ ዊኒ ዘ ፑ ትንፋሽ የበዛባት ልናደርጋት አስበናል ያልከውን ተወው። ምክንያቱ የራሳችን ቋንቋ ነው። ድቡን በ1966 የጀመረው ስተርሊንግ ሆሎዌይ ሻካራና ትንፋሽ የቀላቀለ ድምፅ ነበረው፤ ለእንግሊዝኛ ያምራል። አማርኛ ግን ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ አለው። እነዚህን ለማውጣት ጉሮሮ ጥርቅም ብሎ መዘጋት አለበት፤ ትንፋሽ የበዛበት ድምፅ ደግሞ ጉሮሮው ገርበብ ሲል ነው የሚወጣው። ሁለቱ አይስማሙም። መዳፍህን ከአፍህ ፊት አድርገህ «ጠፋ» በል፣ ቀጥሎ «ተፋ» በል። በ«ተ» ትንፋሽ መዳፍህን ይነካዋል፤ በ«ጠ» ቷ ብሎ ይቆማል። አሁን ያንኑ በድቡ ድምፅ ሞክረው፦ ሽኮኮዋ «ልጄ ጠፋ» ስትል «ልጄ ተፋ» ይሆናል፣ «ቀሰሰ» «ከሰሰ» ይሆናል። የፊድለር ዓይነቱ ቀጭን ግን የተዘጋ ድምፅ እነዚህን ፊደላት አንድም ሳያበላሽ ይሸከማል። ለአማርኛ ከድቡ ይልቅ አሳማዋ ትቀላለች።

ሌላው ማጥበቅና ማላላት ነው። ልጅ ፈርቶ ሲፈጥን የሚጠብቀውን ያላላል። የተረትህ ጅብ «ዛሬ ማን ይበላል?» ሲል፣ ላልቶ ከተነበበ በላተኛውን፣ ጠብቆ ከተነበበ ተበዩን ነው የሚጠይቀው። ጽሑፉ አይለየውምና ስክሪፕቱ ላይ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርግበት፤ ለሁሉም ቃል ሳይሆን ለሚያሳስተው ብቻ። ገጹ ሁሉ ነጥብ ከሆነ ልጁ ማየቱን ይተዋል።

መንተባተቧን በተመለከተ፣ ፒግሌት ስትፈራ ቃሉ መጀመሪያ ላይ ትያዛለች። በአማርኛ «ጅቡ፣ ጅቡ፣ ጅቡ መጣ» ካልከው ጥሪ ይመስላል። የመጀመሪያውን ፊደል በሳድሱ ያዘው፦ «ጅ… ጅ… ጅቡ መጣ»። ከሁለት ጊዜ አይብለጥ፣ በአንድ አረፍተ ነገር ከአንድ ቃል አይብለጥ፤ ቃሉም የምትፈራው ነገር ስም ይሁን። ግሡ ላይ አታድርገው፤ የኛ አረፍተ ነገር መቋጫው ግሡ ነው፣ እሱ ከተሰበረ ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳይሰሙ ያልፋሉ። ጠ እና ቀ ላይም አታድርገው፣ ማይክ ውስጥ ጠጠር እንደሚወረወር ይሰማል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከልጆቹ መሀል በተፈጥሮው የሚንተባተብ ካለ መጀመሪያ ከእሱ ጋር ለብቻችሁ ተነጋገሩበት፤ ካልተመቸው ይቅር። በመንተባተብ ፋንታ ከቃሉ በፊት አጭር ትንፋሽ መሳብም ያንኑ ፍርሃት ያሳያል።

የጅቡን ድምፅ መጨረሻ ላይ ቅረጹት። ጉሮሮ እየፋቁ ማጉረምረም አውታሩን ያሳብጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ጥርት ያለ ሽኮኮ አይገኝም። ከ15 ደቂቃ አይለፍ፤ የሚያስለው ሲጀምር ያን ቀን አበቃ። ጠቅላላውንም 20 ደቂቃ ሠርታችሁ 10 ደቂቃ እረፉ፣ ልጅ ከአንድ ሰዓት በላይ ማይክ ፊት አይቁም። ውሃው በረዶ አይሁን፣ ወተትና ማር ከቀረጻ በፊት አይቅረቡ። ለትልልቆቹም ንገራቸው አቦ፣ ጫት ቅሞ ለቀረጻ መምጣት የለም፤ አፍ ይደርቅና እያንዳንዱ ቃል ሲጣበቅና ሲላቀቅ ይሰማል።

ክፍሉ ላይ አንተ ከእኛ ዕድለኛ ነህ። እዚህ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲነካው ቋ ቋ ይላል፣ ማራገቢያው ከጠፋ ሰው ይቀልጣል፣ ባጃጁም አያቋርጥም። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ግን ግንቡ ወፍራም ነው፤ ነደባው፣ ከፍ ተደርጎ የተሠራው መቀመጫ፣ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፣ ግድግዳው ላይ ስፌት ተሰቅሏል። ምንጣፉ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፣ ስፌቱ ደግሞ ይበትነዋል፤ ስቱዲዮ በብዙ ገንዘብ የሚሠራው ያንን ነው። የተሰቀሉትን ሳህኖችና የብረት ዕቃዎች ግን አውርዳቸው፤ ሰው ሲናገር ይነዝራሉ። ጥግ ላይም አትቁሙ፣ ወፍራሙ ድምፅ እዚያ ይጠራቀማል። ከንጋቱ አዛን በኋላ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላችኋል።

ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ 20 ሴንቲሜትር ማለት ነው፤ አፍም ቀጥታ ሳይሆን ጎኑን አልፎ ይናገር። ልጅ ቀስ ብሎ ለመናገር ሲል ወደ ማይኩ ይጠጋል። ያኔ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሰማ ማይክ ወፍራሙን ድምፅ ያጋንነዋልና ሽኮኮዋ በሬ ታክላለች። ወንበሩን ከማራቅ ይልቅ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፈህ የእግራቸውን ቦታ አሳያቸው። ከሽቦ ቀለበት ላይ የተወጠረ የሴት ስቶኪንግ ከማይኩ አራት ጣት ያህል አርቀህ ብታቆም የፐ እና የበ ነፋስ ይሰበራል። 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት ላይ ቅረጽ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል መካከል ይምታ። ጮክ ተብሎ የወጣ «ጠ» ዜሮን ካለፈ ይሰነጠቃል፣ ኋላ የሚጠግነው የለም። በሶፍትዌር ድምፅ ማቅጠንንም አልመክርህም፤ ከሁለት ግማሽ ኖታ ካለፈ ሰውነቱ ይጠፋል።

ፊድለር ፒግሌትን እስከ መጨረሻው አልተዋትም። በመሀል የቤተ ክርስቲያን አይጥ ሆኗል፣ ጉጉት ሆኗል፣ ጃርት ሆኗል፤ ድምፁን ግን ለአንዳቸውም አልቀየረም። እዚሁ የምናስበው ሌላም ሰው አለ፤ በዚያው በ1968ቱ ፊልም ነብሩን ቲገርን የጀመረው ፖል ዊንቸል። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አሻንጉሊት የሚያናግር አርቲስት ነበር፣ ከዚያም አልፎ በ1963 ለሰው ሠራሽ ልብ የፈጠራ መብት የተቀበለ። ዊንቸል በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) በ82 ዓመቱ ዐረፈ፤ ፊድለር በማግስቱ፣ ሰኔ 18፣ በ80። ነብሩና አሳማዋ አብረው ገብተው በአንድ ቀን ልዩነት ሄዱ። እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌም ብዕሬን ላፍታ አስቀምጣለሁ።

አሳማ በእኛ አገር በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት አይገባም፤ የድሬ ልጅ ከከርከሮ ሌላ የሚያውቀው የለም። ያቺ ግልገል ስትፈራ ግን አብሯት ይፈራል። ሽኮኮህ ከዚያች የበለጠ ቅርባችን ናትና አትቸኩልባት።

የመጀመሪያውን ቀረጻ ሳታጸዳው ላክልኝ። ከመጀመራችሁ በፊት ሁላችሁም ዝም ብላችሁ የክፍሉን ፀጥታ 30 ሰከንድ ቅረጹና እሱንም ጨምርበት፤ በመስመሮቹ መሀል የምንሞላው በእሱ ነው። እናትህን ሳምልኝ፤ ለልጆቹም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ፣
ከድሬ