የሚዛን ማተሚያዎቻችን ፊደል የሚያስቀምጡበትን መንገድ ስለመቀየራችን

ለክቡራን ደንበኞቻችን፤

በሀዋሳና በአካባቢዋ ለሚገኙ የቡና መረከቢያ ጣቢያዎችና የእህል መጋዘኖች ባቀረብናቸው የሚዛን ማተሚያዎች ውስጥ ያለው ፈርምዌር (መሣሪያውን የሚያሠራው ውስጣዊ ፕሮግራም) ከአሁን በኋላ ጽሑፍን በዩቲኤፍ-16 ሳይሆን በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ፊደልን በቁጥር ከሚያስቀምጡ ሁለት ስልቶች በሁለተኛው፣ እንደሚያስቀምጥ በአክብሮት እየገለጽን፣ ለዚህ ውሳኔ ያበቃንን ምክንያት ማወቅ መብታችሁ ስለሆነ እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት አንዳንዶቻችሁ የአቅራቢው ስም የሌለበት የሚዛን ወረቀት እንደሚወጣ ነግራችሁን ነበር። የሀብታሙ ወረቀት ያለ ስም ይወጣል፤ የጀማልም እንዲሁ፤ ብርሀኑ ደግሞ «ብር» ተብሎ ይቀራል። መጀመሪያ ጥፋቱን የፈለግነው በማተሚያው ራስና በወረቀቱ ጥራት ላይ ነበር፤ ተሳስተን ነበር፤ ስለጠፋው ጊዜም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ደረጃ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጣል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲካተት «ሀ» 4608፣ «ጀ» ደግሞ 4864 ቁጥር ተሰጣቸው። ዩቲኤፍ-16 እነዚህን በሁለት ባይት ይጽፋል፤ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር የሚይዝ የማኅደረ ትውስታ መለኪያ ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች ለ256 ያለ ቀሪ ስለሚካፈሉ ከሁለቱ ባይቶች አንዱ ዜሮ ይሆናል። በሲ ቋንቋ የተጻፉ ብዙ የቆዩ የፕሮግራም ክፍሎች ዜሮ ባይት ሲያገኙ ጽሑፉ አለቀ ብለው ያቆማሉ፤ በማተሚያችንም እንዲህ ያለ አንድ ክፍል ቀርቶ ነበር። ክፍት ቦታም በዩቲኤፍ-16 ዜሮ ባይት አለበት፤ ነገር ግን ስምና የአባት ስም በየራሳቸው ሣጥን ስለሚቀመጡ በሙከራችን ጊዜ ስህተቱ ሳይታየን አለፈ።

ከመዝጋቢዎቻችሁ አንዳንዶቹ «ሐብታሙ» ብለው ሲጽፉ ወረቀቱ በትክክል እንደሚወጣ አስተውለዋል። የ«ሐ» ቁጥር 4624 ስለሆነና ዜሮ ባይት ስለሌለበት ነው። ይህን እንደ መፍትሔ ልንቀበለው አልቻልንም፤ ሰው ስሙን የሚጽፍበትን ፊደል ማሽን ሊያስለውጠው አይገባም፤ ጀማል ደግሞ የሚለውጠው ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ፊደል እንኳ የለውም።

ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 የነደፉት ዩቲኤፍ-8 «ሀ»ን 225፣ 136 እና 128 በሚሉ ሦስት ባይቶች ይጽፋል፤ በየትኛውም የአማርኛ ፊደል ውስጥ ዜሮ አይገባም። የፊደሉ የመጀመሪያ ባይት ከተከታዮቹ በግልጽ ስለሚለይም፣ ረጅም ስም ማሳጠር ሲያስፈልግ ፈርምዌሩ ፊደልን መሐል ላይ ሳይቆርጥ የት ማቆም እንዳለበት ያውቃል። ዋጋው ቦታ ነው፤ ቀድሞ 24 ፊደል በ48 ባይት ይቀመጥ ነበር፣ አሁን 72 ባይት ይፈልጋል። ለ1,000 ስሞች የሚጨመረው 24,000 ባይት በመሣሪያው ማኅደረ ትውስታ የሚቻል ስለሆነ ሣጥኑን አስፍተነዋል፤ የስም ርዝመት አልቀነስንም።

የቀድሞው ምርጫችን ያለ ምክንያት የተደረገ አልነበረም። የኮምፒውተር ማስነሻ የሆነው ዩኢኤፍአይ ጽሑፍን የሚይዘው በሁለት ባይት ነው፤ እኛም ያንን ተከትለን ነበር። በአማርኛ የሚላክ አጭር የስልክ መልእክትም በሁለት ባይት ስለሚጻፍ፣ ማተሚያው ለአቅራቢው መልእክት ሲልክ በመውጫው ላይ ብቻ ይለውጠዋል፤ በአንድ መልእክት 70 ፊደል የሚለው ገደብ ስለዚህ አይቀየርም።

አዲሱን ፈርምዌር የምንጭነው ያለ ክፍያ ነው። የስም ዝርዝር በፍላሽ የምታስገቡ ደንበኞች ፋይሉን ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን እንድትመርጡ እናሳስባለን። የተመዘገቡት ስሞች በመሣሪያው ውስጥ ሙሉ ናቸው፤ የተቆረጡት ሲታተሙ ብቻ ስለሆነ በራሳቸው ይተላለፋሉ። ችግሩን ለማለፍ በ«ሐ» የተመዘገቡትን ግን እኛ አንነካቸውም፤ ስሙን በእርግጥም በ«ሐ» የሚጽፍ ሰው ስለሚኖር፣ አቅራቢው በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ራሱን ጠይቃችሁ እንድታስተካክሉ በትሕትና እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፤
የድርጅቱ የቴክኒክ ክፍል፣ ሀዋሳ