ለደንበኞቻችን፦ የቤት ማጽጃ ከማፍሰሳችሁ በፊት ማግኔት ያዙ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ቀለም እንድናነሳላቸው ወይም እንድንቀባቸው ከሚላኩልን የሞተር ሳይክል ዕቃዎች ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ተሞክሮባቸው ነው የሚመጡት። የኦቨን ማጽጃ የተነፋበት የሞተር ክዳን አለ። አቼቶ ውስጥ ያደረ ብሎን አለ። በረኪና የተቀባ ማርሚታም አለ። አንዳንዱ በደንብ ጸድቶ ይደርሰናል፤ ለእኛ የሚቀረን መቀባት ብቻ ነው። አንዳንዱ ግን ማጽጃው ቀለሙን ትቶ ዕቃውን በልቶት ይመጣል። ያን ጊዜ ቀለም ብቻውን አያድነውም።

ይህን የምንጽፈው «ቤታችሁ ምንም አትንኩ፣ ሁሉንም ለእኛ አምጡ» ልንል አይደለም። በቤት ማጽጃ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ እኛም የምንጠቀምባቸው አሉ። ነገር ግን «ይሄ ማጽጃ ጥሩ ነው ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁን መልሳችን ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ዕቃው ከምን የተሠራ ነው? ለአንዱ የሚሆነው ማጽጃ ሌላውን ያጠፋዋል። ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማግኔት ያዙ። የፍሪጅ በር ላይ የሚለጠፈው ትንሹ ማግኔት ይበቃል። ከያዘ ውስጡ ብረት ነው። ፍሬም፣ የነዳጅ ታንክ፣ ስታንድ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ናቸው። ካልያዘ እዚያው ቁሙ። የሞተር ክዳን፣ የካርቡሬተር አካልና የተቀለጠ ቸርኬ በብዛት አሉሚኒየም ነው፤ አንዳንዱ የካርቡሬተር አካል ደግሞ የዚንክ ቅይጥ ነው። በእጅ ስትመዝኑትም ይታወቃል። በመጠን እኩል ከሆኑ ዚንክ ከአሉሚኒየም ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ይከብዳል። ዕቃው ከጠበቃችሁት በላይ ቀለል ካለ ማግኒዚየም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ሞተር ሳይክሎች ላይ የሞተር ክዳን ከእሱ ይሠራል። ማግኒዚየም አሲድ አይወድም። ከውስጥ በኩል በማይታይ ቦታ ትንሽ ፋቅ አድርጋችሁ አንድ ጠብታ አቼቶ ብትጥሉበት ወዲያው አረፋ ያወጣል። አሉሚኒየም እንደዚያ አያደርግም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ክሮም የተለበጠ ብረትንም፣ ዚንክ የተለበጠ ብሎንንም ማግኔት ይይዛቸዋል። ማግኔቱ የሚነግራችሁ ስለ ውስጡ እንጂ ስለ ልባጡ አይደለም። አንዳንድ ስቴንለስ ደግሞ ጭራሽ ማግኔት አይስበውም።

አሁን ወደ ኦቨን ማጽጃ እንምጣ፤ ብዙ ጉዳት የምናየው እሱ ላይ ነውና። ኃይለኛው ዓይነት ኮስቲክ ሶዳ አለበት። ኮስቲክ ሶዳ ቅባትን ወደ ሳሙና ይቀይራል፤ የኦቨን ቅባት በውኃ የሚታጠበው ለዚህ ነው። የድሮ የዘይት ቀለምም መሠረቱ ዘይት ስለሆነ በዚያው መንገድ ይለሰልስና ይላጣል። ብረት ራሱ በኮስቲክ ሶዳ አይበላም። ስለዚህ የዘይት ቀለም የተቀባ የብረት ፍሬም ወይም ስታንድ ላይ የኦቨን ማጽጃ ጥሩ ይሠራል። ነፍታችሁ በፕላስቲክ ሸፍኑት፣ እንዳይደርቅ ጠብቁት፣ በፕላስቲክ መፋቂያ አንሱት፣ ካስፈለገ ድገሙት።

በሁለት ዕቃ ተቀላቅሎ የሚቀባ ዘመናዊ ቀለምና በዱቄት ተረጭቶ በሙቀት የተጋገረ ቀለም ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ኮስቲክ ሶዳን ይቋቋማሉ። ሰው አልላጥ ሲለው ምን ያደርጋል? ያሳድረዋል። ዕቃው አሉሚኒየም ከሆነ ማጽጃው በተጫረና በተሰነጠቀ ቦታ ሾልኮ ይገባል። ሲነጋ ቀለሙ ባለበት አለ፤ ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም ግን ተቦርቡሯል።

ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ያሟሟዋል፣ እየሟሟም ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል። ከአንድ ግራም አሉሚኒየም ከ1.2 ሊትር በላይ ሃይድሮጂን ይወጣል። ሃይድሮጂን ደግሞ በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል። ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ የአሉሚኒየም ዕቃ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ዘግቶ መተው በጣም አደገኛ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

አሉሚኒየሙ ከታጠበ በኋላ የሚታየው ጥቁር ነገርም ብዙዎችን ያሳስታል። «ቆሻሻው ገና አልለቀቀም» ብለው ሌላ ዙር ይነፉበታል። ጥቁሩ ቆሻሻ አይደለም። የሞተር ክዳን የሚቀለጥበት አሉሚኒየም ውስጥ ሲሊከን፣ ትንሽ መዳብና ብረት አለ። ኮስቲክ ሶዳው አሉሚኒየሙን ወስዶ እነሱን ይተዋቸዋል፤ ጥቁሩ እነሱ ናቸው። በነፋችሁ ቁጥር ይብሳል። ያንን ካያችሁ አቁሙ፣ በብዙ ውኃ እጠቡት፣ ከዚያ ወደ እኛ አምጡት። ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ እናስተካክለዋለን።

ወርቃማ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ የሆኑ አኖዳይዝድ ዕቃዎች (ላያቸው ላይ በኤሌክትሪክ ጠንካራ ኦክሳይድ የተሠራባቸው አሉሚኒየሞች)፣ ለምሳሌ የሹካ ቱቦና የፍሬን እጀታ፣ ጨርሶ የኦቨን ማጽጃ አይንካቸው። ያ ቀለም የአሉሚኒየሙ የራሱ ኦክሳይድ ውስጥ የገባ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ኦክሳይዱን በደቂቃዎች ውስጥ ያነሳዋል። ዚንክም እንዲሁ በኮስቲክ ሶዳ ይበላል፤ ለዚህ ሥራ የቆርቆሮ ባልዲ ሳይሆን ፕላስቲክ ተጠቀሙ።

ስለ እጃችሁና ዓይናችሁም እንጨነቃለን። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚያንሸራትት ሆኖ ይሰማል እንጂ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል። የሚያንሸራትተው የቆዳችሁ ቅባት ወደ ሳሙና እየተቀየረ ስለሆነ ነው። የጎማ ጓንትና ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር አድርጉ፤ ውጭ ወይም አየር በደንብ በሚገባበት ቦታ ሥሩ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በሚፈስ ውኃ እጠቡና በቀጥታ ሐኪም ጋ ሂዱ። ዱቄቱን ራሳችሁ የምትበጠብጡ ከሆነ ዱቄቱን ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሩ። ውኃን ዱቄቱ ላይ ማፍሰስ በሙቀት እንዲፈናጠር ያደርገዋል።

ወደ ዝገት ስንመጣ ሥራው የአሲድ ነው። አቼቶ 5 በመቶ ገደማ አሲድ አለው፤ ለዛገ ብረት በቂ ነው። ሲትሪክ አሲድም ጥሩ ነው፣ ሽታም የለውም። የዛገ ታንክ ከሆነ ቤንዚኑን አራግፉ፣ ቧንቧውን ፍቱ፣ በሳሙና አጥባችሁ አቼቶ ሙሉበትና አሳድሩት። ከዚያ ደፍታችሁ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አጣጥቡት፣ ወዲያው አድርቁት፣ ቀጭን ዘይት አስነኩት። ካዘገያችሁ የተገለጠው ብረት ዓይናችሁ እያየ እንደገና ይዝጋል። ቤንዚን ይዞ የነበረ ታንክ አጠገብ እሳት ወይም ብልጭታ አይኑር፤ ባዶ ሲሆን የሚቀረው ትነት ከቤንዚኑ ይልቅ ያሰጋናል።

አሲድ የዚንክ ልባጥን ይገፍፋል። አቼቶ ውስጥ ያደረ ብሎን ነጥቶ ይወጣና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከበፊቱ ብሶ ይዝጋል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድን ደግሞ ጭራሽ ተዉት። ብዙውን ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ክሮምን ራሱን ያሟሟል፤ ትነቱ ብቻ አጠገብ ያለውን መፍቻ ሁሉ ያዝጋል። ስፕሪንግና ጭንቅላታቸው ላይ 10.9 ወይም 12.9 የተጻፈባቸው ጠንካራ ብሎኖች አሲድ ውስጥ አይግቡ። ከአሲዱ የሚወጣው ሃይድሮጂን ጠንካራ ብረት ውስጥ ገብቶ እንዲሰባበር ያደርገዋል። ብሎኑ ሲታይ ደህና ነው፤ የሚቆረጠው ከታሰረ በኋላ ነው።

በረኪና ቅባት አያነሳም፣ ዝገት አያነሳም። ስቴንለስንና አሉሚኒየምን ይበሳል። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋርም መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ለዚህ ሥራ አያስፈልጋችሁም። ሌላውንም ማጽጃ ቢሆን ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ለተራ ቅባትና ጭቃ ሙቅ ውኃ፣ የዕቃ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ የሚገርም ሥራ ይሠራሉ። የደረቀ ዘይት በነጭ ጋዝ ይለቃል። ካቴና የምታጸዱትም በነጭ ጋዝ ይሁን፤ ኦሪንግ (ትንሽ የጎማ ቀለበት) ያለውን ካቴና ቤንዚን ጎማውን ይጎዳበታል። ቤንዚን ደግሞ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል፤ ማጠቢያ አይሁን። ፍሬን ላይ ግን ነጭ ጋዝም፣ ናፍጣም፣ ቤንዚንም አይንካ። የፍሬን ጎማዎች በነዳጅ ዘር ያብጣሉ፤ ያበጠ ጎማ ፒስተኑን ይይዘዋል። እነሱን በአልኮል ወይም በንጹሕ የፍሬን ዘይት ብቻ አጽዱ።

የፍሬን ዘይት ቀለም ያነሳል ሲባል የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የፍሬን ዘይት ዓይነቶች ያለሰልሱታል። ግን ቀርፋፋ ነው፣ ቅሪቱም አዲሱን ቀለም እንዳይዝ ያደርገዋል። ፕላስቲክ ላይ አሴቶን አትሞክሩ፤ ኤቢኤስ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ይቀልጣል። የፊት መስታወቱና የሄልሜቱ መስታወት ፖሊካርቦኔት ከሆነ አሞኒያ ያለው የመስኮት ማጽጃ ያደበዝዘዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ይበቃዋል።

አሁን ከእናንተ የምንፈልገው። ዕቃ ስትልኩልን የተጠቀማችሁበትን ማጽጃ ጻፉልን። ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ የጠርሙሱን ጽሑፍ ፎቶ አንሡ። ይህን የምንጠይቀው ልንወቅሳችሁ አይደለም። ኮስቲክ ሶዳ ወይም አሲድ በመገጣጠሚያ፣ በብሎን ቀዳዳና በብየዳ ስፌት ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ሳናውቅ ከቀባነው አዲሱ ቀለም ከሥሩ ይነፋና ይላቀቃል። ካወቅን ግን ለዚያ የሚሆን እጥበት ቀድመን እንሰጠዋለን።

ጎማ፣ ኦሪንግ፣ ኩሽኔታና ሲል ቀድማችሁ አውጡ። የጀመራችሁት ዕቃ እርጥብ እንዳለ በፕላስቲክ አትጠቅልሉት፤ አድርቃችሁ በጨርቅ ወይም በካርቶን ላኩት። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ምንም ሳታስነኩት ፎቶውን ላኩልን፤ ማግኔት መያዝ አለመያዙንም ንገሩን። በቤታችሁ ማጽጃ የሚሆን ከሆነ እንዴት እንደምትሠሩት እንነግራችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የወርክሾፑ ባልደረቦች