ሲያንኳኳ እግርህን አንሳ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ሙቀቱን ታውቀዋለህ። ማታ ማታ ግቢ ውስጥ አልጋ ዘርግተን ነው የምንተኛው።

ደብዳቤ የጻፍኩልህ ስልክ ላይ ስለምቆጣ ነው። ባለፈው እሁድ ሦስት ደቂቃ ሳንነጋገር ጮህኩብህ፣ እናትህም ስልኩን ቀማችኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ በእርጋታ ልንገርህ።

ቅዳሜ ከሰዓት የአክስትህ ልጅ ለበርጫ መጣ። ስልኩን አውጥቶ "ልጅህን እየው" አለኝ። ሌሊት ነው፣ ሰፊ መንገድ ነው። ጓደኛህ ጎንህ ተቀምጦ ይቀርጻል። አንተ ትስቃለህ። ከጎናችሁ ሌላ መኪና አለ። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ "የድሬ ልጅ!" እያለ ጮኸ። እነሱ ፍጥነቱን አዩ። እኔ ድምፁን ሰማሁ። እንደገና አስከፈትኩት። በሦስተኛው ሁሉንም ዝም አሰኝቼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። አየር ወደ ሞተርህ የሚገፋው ቱርቦ መንፋት ሲጀምር፣ ከሳቅህ ሥር፣ ሽምብራ ብረት ምጣድ ላይ ሲቆላ የሚያሰማው ድምፅ አለ። ሞተርህ ነው። እያንኳኳ ነበር። አንተ እግርህን አላነሳህም።

ሲያንኳኳ እግርህን አንሳ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህቺን አትርሳ።

መንገድ ላይ መወዳደሩን ሁለተኛ እንዳላይ። በዚያ ሰዓት ከሌሊት ሥራ የምትመለስ የሰው እናት አለች። ሜሪላንድ ውስጥ 402 ሜትር የሚወዳደሩበት የተከለለ ቦታ እንዳለ አንተው ነህ የነገርከኝ። መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ ገንዘቡም አያንስህም። እዚያ ሂድ። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ለሌክሰሴ ቱርቦ የሚችል ሞተር ከሦስቱ መንገዶች በየትኛው ላግኝ ብለኸኝ ነበር። የላክህልኝን ሁሉ አነበብኩ። ያልገባኝን የጎረቤታችን ልጅ ተረጎመችልኝ።

ሌክሰስህ ቱርቦ ይዞ አልተወለደም። ሞተሩ 2ጄዜድ-ጂኢ ነው። 3 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ኮምፕሬሽኑ፣ አየርና ቤንዚኑን የሚጨምቅበት ልክ፣ 10.5 ለ1። ወንድሙ 2ጄዜድ-ጂቲኢ ደግሞ ቶዮታ ራሱ ለቱርቦ የሠራው ነው። የእሱ ኮምፕሬሽን 8.5 ለ1 ነው። ለምን ዝቅ አደረጉት? ቱርቦ አየሩን ቀድሞ ጨምቆ ስለሚያስገባ ነው። 1 ባር ግፊት ጨመርክ ማለት ሞተሩ እጥፍ ገደማ አየር ጎረሰ ማለት ነው። ያን ሁሉ እንደገና በ10.5 ስትጨምቀው ይግላል። ቤንዚኑ የካንዴላው እሳት እስኪደርስበት አይጠብቅም። ጥግ ላይ ሆኖ በራሱ ይፈነዳል። ሽምብራው እሱ ነው። አንተ ያለኸው ደግሞ ባሕር አጠገብ ነው። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። እዚያ ዝም የሚል ሞተር አንተ ጋ ይጮሃል።

የመጀመሪያው ምርጫህ ውስጡን ሳትነካ ኮምፕሬሽኑ እንዲቀንስ ከቴስታታው፣ ከሞተሩ ክዳን፣ ሥር ወፍራም ጋስኬት አድርገህ በትንሽ ግፊት መንዳት ነው። ግማሽ ባር ላይ ረግቶ ለሚቆም ሰው መጥፎ አይደለም። አንተ ግን አትቆምም። አውቅሃለሁ። ብስክሌትህንም ፍሬኑን ነቅለህ ነበር የምትነዳው። የአንተ ሞተር ቢዬላ፣ ፒስቶኑን የያዘው ክንድ፣ ከወንድሙ ቢዬላ ቀጭን ነው። አንድ ቀን ባንኮውን፣ የሞተሩን አካል፣ በስቶ ይወጣል።

ሁለተኛው ከጃፓን የመጣ ያገለገለ ጂቲኢ መግዛት ነው። ብረቱ ድንቅ ነው፣ አልክድም። ግን ማን ነድቶት ኖረ? ስንቴ ዘይት ሳይቀየርለት ከረመ? ሳትከፍት ልታስገባው ከሆነ አትግዛው። ከፍተህ ልትሠራው ከሆነ ደግሞ እጅህ ላይ ያለውን ለምን አትሠራም? የአንተም ባንኮ ያው ብረት ነው። ሲሊንደሩ 86 ሚሊሜትር፣ ፒስቶኑ የሚመላለስበት ምትም 86።

ስለዚህ ሦስተኛውን ያዝ። የራስህን ሞተር አውርድና ሥራ። ፎርጅድ፣ ማለት ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ፒስቶንና ቢዬላ ግጠም፣ ኮምፕሬሽኑን 9 ለ1 አካባቢ አድርገው። 450 የፈረስ ጉልበት ላይ ቁም። ከፋብሪካ ሲወጣ 215 ነበር። ከእጥፍ በላይ ነው፣ ምን ቀረብህ? ቅዳሜ ሜሪላንድ ወስዶ ሰኞ ጧት ሥራ የሚያደርስህ ሞተር ነው የምፈልግልህ።

ፒስቶኑን ስትገዛ ከምን እንደተሠራ ጠይቅ። 4032 የሚሉት አሉሚኒየም ብዙ ሲሊኮን ስላለው ሲሞቅ ብዙ አይለጠጥም። ለሲሊንደሩ ጠበቅ ብሎ ይገጠማል፣ ጧት ስታስነሳው አይንኳኳም። 2618 የሚሉት ግን ይበልጥ ይለጠጣል። ስለዚህ ሰፋ ብሎ ይገጠማል፣ እስኪሞቅም ድረስ ያንኳኳል። ቅጣትን ግን የሚችለው እሱ ነው። ለልኩ የሚነዳ 4032 ይበቃዋል። ለአንተ 2618 ይሻላል። የጧቱን ማንኳኳት አትፍራ፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ጋዝ ስትረግጥ የሚመጣው ነው የሚገድለው። ሲያንኳኳ እግርህን አንሳ።

ሲሊንደሩን የሚያሰፉልህ ሰዎች ቴስታታው እንደታሰረ አስመስሎ የሚወጥር ወፍራም ሳህን አስረው ይሥሩት። የሌላቸው ከሆነ ሌላ ቤት ሂድ። ቴስታታ ሲታሰር ሲሊንደር ይጣመማል። ሳይታሰር ክብ የነበረው ሲታሰር ክብ አይሆንም።

ፋሻው፣ የፒስቶኑ ቀለበት፣ ላይ አትቸኩል። ቱርቦ ያለው ሞተር ፋሻው ይበልጥ ይግላል፣ ይበልጥም ይረዝማል። ጫፍና ጫፉ መሃል ክፍተት ካልተውክለት ይገጣጠማል። ሲገጣጠም መሄጃ ያጣል፣ ፒስቶኑን ይሰብራል። የተበላሸ ፒስቶን እጄ ላይ ይዤ አውቃለሁ። የእኔ በፋሻ አልነበረም።

የአያትህን ፔጆ ታሪክ ታውቀዋለህ። 404ቷ ደንገጎ ዳገት ላይ ሞተች፣ አያትህ ሸጣት፣ አለቀ። የምታውቀው ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ለእናትህም አልነገርኳትም።

1976 ዓ.ም. ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ጋራዥ ውስጥ ሥራ እለምዳለሁ። ያቺ ፔጆ 1,618 ሲሲ ናት፣ ሞተሯ ወደ ጎኑ 45 ዲግሪ ጋደም ያለ። ቤታችን የሚበላው ከእሷ ነበር። ኅዳር ላይ ጋስኬት ልቀይር ቴስታታውን አወረድኩ። ለአያትህ ሳልነግር ቶርኖ ቤት ወስጄ አስላጥኩት፣ አንድ ሚሊሜትር ገደማ። ኮምፕሬሽኗ እንዲጨምር ነው። እሳቱንም ትንሽ አስቀደምኩት። መኪናዋ ሌላ ሆነች። አያትህ "ልጅነቷ ተመለሰ" አለ። ደስ አለኝ። ዝም አልኩ።

ታኅሣሥ 17 ቀን ነው። ለቁልቢ የሚሄድ ሰው ድሬን ሞልቷታል። ለእኛ የዓመቱ ገንዘብ የሚገኘው በዚያ ሳምንት ነበር። የሱቁ ዱቤ፣ የጎማው ዕዳ፣ የአክስትህ ልብስና ደብተር፣ ሁሉም "ለቁልቢ" ተብሎ ይቀጠራል። እኔ እነዳለሁ። አያትህ ጎኔ ነው። ከኋላ አራት ተሳላሚ፣ ጣሪያው ላይ ሻንጣና ለስለት የመጣ ጃንጥላ። ደንገጎን ጀመርን። ሌላ ፔጆ ከኋላ ጥሩምባ ነፋብኝ፣ ሊያልፈኝ። ረገጥኩት። ያን ጊዜ ሽምብራው ተቆላ።

አያትህ መካኒክ አልነበረም፣ ጆሮ ግን ነበረው። "እግርህን አንሳ" አለኝ፣ በቀስታ። አላነሳሁም። ሁለት ጥምዝ አለፍኩ። "እግርህን አንሳ እኮ ነው የምልህ።" ያኛው ፔጆ በመስታወቴ እየራቀ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር ልጄ። እውነቱን ልንገርህ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቪዲዮው ላይ ስትስቅ ያየሁት ያንን ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ጓ አለ። ጭስ መንገዱን ሸፈነው። በኋላ ስንከፍተው ሦስተኛው ፒስቶን መሃሉ ተበስቷል። አውራ ጣቴ ያልፍበታል።

አያትህ ወረደና ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። ለአራቱም ተሳላሚዎች ገንዘባቸውን መለሰላቸው። ሌላ መኪና ለምኖ አሳፈራቸው። ጃንጥላውን ራሱ ነው ጣሪያው ላይ ያሰረላቸው። አልተቆጣኝም። ማታ ቤት ስንገባ ለእናቴ "አርጅታለች፣ አልቻለችም" አላት። ልናገር አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ማሠሪያ ገንዘብ አልነበረም። የካቲት ላይ ለአንድ የሐረር ሰው በርካሽ ሸጣት። አክስትህ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። መጋቢት ላይ አቋርጣ ጨርቃጨርቅ ገባች። መምህር መሆን ነበር የምትፈልገው። እስከ ጡረታዋ እዚያው ክር ላይ ቆመች። አንተን ቁጥር ያስተማረችህ እሷ ናት፣ በረንዳው ላይ፣ በጠመኔ። እሷ ስታስተምርህ እኔ ተነስቼ ወደ ጓሮ እሄድ ነበር። ለምን እንደምሄድ አንድ ቀን ጠይቀኸኛል። ውሃ ልጠጣ ነው አልኩህ።

አያትህ ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ቴስታታውን ያስላጥኩት እኔ ነኝ" ማለት አቃተኝ። መኪናዋ ናት ያረጀችው ብሎ ሞተ። ወይም አውቆ ዝም ብሎኝ ይሆናል። እሱን የምጠይቀው ሰው የለኝም። ለአክስትህ ግን ፋሲካ ሳይደርስ እነግራታለሁ። አንተ ቀድመህ እንዳትነግራት። ስልክ ስትደውልላትም ድምፅህ እንዳይለወጥ።

ሲያንኳኳ እግርህን አንሳ ስልህ ይህን ሁሉ ማለቴ ነው።

ወደ ሥራው ልመለስ። የፋሻውን ክፍተት ፒስቶኑን የሠራው ፋብሪካ ለቱርቦ ባለው ልክ አድርገው። በ86 ሲሊንደር 0.5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው የሚመጣው። አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ሲሊንደር ውስጥ አስገብተህ ለካ። በግምት አይደለም።

ቱርቦውን ትልቅ አትግዛ። ትልቁ ዘግይቶ ነው የሚነሳ። ለ402 ሜትር ይሆናል፣ መብራት ላይ ቆሞ ለሚነሳ ግን አይመችም። የተረፈህን ገንዘብ የቤንዚን ፓምፕና ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር ላይ አውለው፣ ማቀዝቀዣው ላይ፣ ከምንም በላይ ደግሞ ሞተሩን የሚያስተካክልልህ ሰው ላይ። ርካሽ ሰው ጋ አትሂድ። የአየርና የቤንዚን መለኪያ ጌጁን ፊትህ ግጠመው። ግፊት ላይ ሆነህ ለአንድ እጅ ቤንዚን 11.5 እጅ አካባቢ አየር ይሁን። ወደ 13 ሲሄድ ካየኸው እግርህን አንሳ፣ ድምፅ አትጠብቅ። ኢ85 የሚሉትን በአልኮል የተሞላ ቤንዚን ካገኘህ ማንኳኳትን በጣም ይችላል። ግን ሲሶ ገደማ ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ኢንጀክተሩን ከአሁኑ አስበህ ግዛ። ሞተር ከማጥፋትህ በፊት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ይሥራ፣ ቱርቦው ዘይት ይጠጣ።

ሄልሜት ግዛ። የውድድሩ ማኅበር 402 ሜትሩን በ13.99 ሰከንድና ከዚያ በታች ለሚገባ ግድ ብሎታል። 11.49 ከደረስክ ደግሞ ሮል ባር፣ መኪናው ቢገለበጥ የሚጠብቅህ ብረት፣ ያስፈልጋል። ብትደርስም ባትደርስም አስገጥም። ያንን የሚቀርጸውን ጓደኛህን ከመኪናው አውርደው። የሰው ልጅ ነው። እናቱ እኔን አታውቀኝም፣ ቢጎዳ ምን ብዬ ነው የምደውልላት?

እናትህ ለቁልቢ ጃንጥላ ተስላልሃለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ቪዲዮውን ግን አሳይተዋታል።

ይህን የምታደርስልህ ያቺው የተረጎመችልኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ከአየር ማረፊያ ተቀበላት፣ በሌክሰሱ አይደለም፣ በሥራ መኪናህ። ቡናው የሐረር ነው። በርበሬውን እናትህ ናት ያዘጋጀችው። ጣፋጩን ሙሸበክ ቶሎ ብላው፣ ይደርቃል። በጨርቅ የተጠቀለለው ብረት ደግሞ የእኔ የክፍተት መለኪያ ነው። ለገሃር ወርክሾፕ ሳለሁ ይዤው የኖርኩት ነው። እንዳይዝግ ዘይት ቀብቼዋለሁ፣ ከመጠቀምህ በፊት በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። 0.50 የሚለው ምላስ ትንሽ ጎብጧል። በእሱ አትለካ። 0.30ውን እና 0.20ውን ደርበህ ለካ።

አባትህ