ለጅማ የድርሰት ቡድናችን አባላት፦ ስለ አገልግሎትና ድርሰት

የተከበራችሁ አባላት፣

በመጋቢነት እያገለገልሁ ለድርሰት የሚሆን ሐሳብ ከየት እንደማገኝ ስለጠየቃችሁኝ በጽሑፍ መመለስን መርጫለሁ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው የጠፋው ልጅ ምሳሌ ታላቅ ወንድሙ ወደ ግብዣው ይግባ አይግባ ሳይነግረን ስለሚያበቃ፣ ታሪክን ሳይቋጩ የመተውን ድፍረት ያገኘሁት ለስብከት ስዘጋጅ እርሱን ደጋግሜ በማንበብ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን የምእመናን ጉብኝት ነው፤ በተለይ ቡና በሚለቀምበት ወቅት በየጓሯቸው ሳገኛቸው፣ በቢሮ የማይነገር ጨዋታ እሰማለሁ (የአንዳንዶቹ አተራረክ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከስብከቴ ይበልጣል)። ይሁን እንጂ በምክር አገልግሎት በምስጢር የተነገረኝን ስም ለውጬም ቢሆን አልጽፍም፤ ጅማ ሰው በቀላሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናትና። ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ የታላቁን ወንድም ያን ሌሊት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።