የአባቶች ሥልጠና በተሰብሳቢ ብዛት አይለካ

ለአዘጋጁ፦

አባቶችን የሚደግፉና የባልና ሚስትን ግንኙነት የሚያጠናክሩ ፕሮግራሞች እንዴት ይመዘኑ በሚለው ላይ ነው የምጽፈው። ሪፖርት ላይ ጎልቶ የሚቀርበው የሠልጣኙ ቁጥር ነው። አቴንዳንስ ላይ የፈረመ ሁሉ ግን ቤቱ ሲገባ ተለውጧል ማለት አይደለም።

በጎ ሐሳብ ብቻውን አይበቃም። አሜሪካ ውስጥ በ8 ቦታዎች ላልተጋቡ ወላጆች የተሰጠ ፕሮግራም ከ3 ዓመት በኋላ ሲታይ፣ በጥቅሉ ጥንዶቹን አብሮ አላቆየም። ሩዋንዳ ውስጥ «ባንደበሬሆ» በተባለው ፕሮግራም ግን ከ21 ወር በኋላ በሚስቶች ላይ የሚደርሰው ጥቃት ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ የታወቀው ተሳታፊዎቹ ፕሮግራሙን ካላገኙ ጥንዶች ጋር ስለተነጻጸሩ ነው።

ማን እንደሚጠየቅም ወሳኝ ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ «አሁን እንዴት ናችሁ?» የተባለች ሚስት «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» ብላ ታልፋለች። ለብቻዋ ትጠየቅ። ጥያቄውም ቁርጥ ያለ ይሁን፦ ልጁ ሲታመም ጤና ጣቢያ ማን ወሰደው? የቡናው ብር ሲገባ ተማክራችሁበታል? ሲናደድ ምን ያደርጋል?

ስለዚህ የከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት እንዲህ ዓይነት ሥልጠና ሲያቅድ ግማሾቹን ቀበሌዎች በዕጣ ያስቀድም፤ የቀሩት ከዓመት በኋላ ይጀምሩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት ወደ ቀበሌ ስለሚያሰማራ፣ ሴት ተማሪዎች በሁለቱም ወገን ያሉ ሚስቶችን ከሥልጠናው በፊትና በዓመቱ ይጠይቁ። ውጤቱ ጥሩም ሆነ መጥፎ ለነዋሪው ይነገር።

አንድ አባት፣ ከጅማ