«አልተቋረጠም፣ ጊዜው አልፎበት ነው»፦ ለግዛታችን የእድገት እክል አገልግሎቶች ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

የወንድሜ ረዳት የሚከፈልበት በጀት ያለ ማስጠንቀቂያ ስለመዘጋቱ በእንግሊዝኛ አራት ደብዳቤዎች ጽፌልዎታለሁ። ያገኘሁት ምላሽ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ጊዜ፣ ቃል በቃል ሳይለወጥ። አምስተኛውን በአማርኛ የምጽፈው እናቴ አንብባ እንድትፈርምበት፣ እንደ እኛ ያሉ ቤተሰቦችም እንዲያዩት ነው። ለእርስዎ ማስተርጎም የመሥሪያ ቤትዎ ሥራ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ሰውን በቋንቋው ምክንያት ከአገልግሎት እንዳያርቅ እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ የመጣ ግዴታ አለበት። ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። የሚናገራቸው ቃላት ሃምሳ ቢሞሉ ነው፤ አብዛኞቹም አማርኛ ናቸው። ሲያመው ወይም ሲፈራ «አመመኝ»፣ «ፈራሁ» አይልም። «እማ፣ ውኃ» ይላል። ውኃ ቢሰጡት አይጠጣም። ይህን የምናውቀው እናቴ፣ እኔና ጋሼ ነን። ጋሼ ወንድሜ ረዳቱን የሚጠራበት ስም ስለሆነ እኔም እዚህ በዚያው ስም እጠራዋለሁ።

ጋሼን የመረጥነው እኛ ነን። ወንድሜ ረዳት የሚያገኝበት የእናንተ ፕሮግራም «ራስ መር» የተባለውም ለዚህ ነው፤ በተፈቀደው በጀት ውስጥ ማን እንደሚረዳው፣ በየትኛው ሰዓትና በምን እንደሚረዳው የሚወስነው ባለጉዳዩና ቤተሰቡ ነው። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኒው ሃምፕሸር ግዛት ሲሞከር ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ገንዘቡ ድርጅቱን ሳይሆን ሰውየውን ይከተል የሚል። እኔ የወንድሜ ተወካይ ነኝ፤ ተወካይ ስለሆንኩ በደንቡ መሠረት ደመወዝ የሚከፈለው ረዳት መሆን አልችልም፤ ልሁንም አላልኩም። የሆስፒታል ፈረቃዬን ጨርሼ የሰዓት መዝገብ አጸድቃለሁ፣ ወረቀት እሞላለሁ፣ ስልክ እደውላለሁ። እናንተ የምትመድቡት አስተባባሪ ወንድሜ የሚያገኘውን ድጋፍ የሚዘረዝረውን ዕቅድ ጽፎ ያስጸድቃል፣ የክፍያ ድርጅቱ ግብሩን ቀንሶ ደመወዙን ይከፍላል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ሲወልቅ ወንድሜ ቤት ይቀራል።

ቀለበቱ የወለቀው በእናንተ በኩል ነው። አስተባባሪያችን በጃንዋሪ ሥራዋን ለቀቀች፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛዋ ነበረች። ዕቅዱ በየ12 ወሩ መታደስ እንዳለበትና የወንድሜ ዕቅድ ማርች 31 እንደሚያበቃ አውቅ ስለነበር ከፌብሩዋሪ መጀመሪያ ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። አዲስ አስተባባሪ የተመደበልን በሜይ 12 ነው። በመካከሉ ዕቅዱን የሚያድስ ሰው አልነበረም። እኔ ላድሰው ብል ደግሞ አይፈቀድልኝም፤ ማስፈረምና ማስገባት የሚችለው አስተባባሪው ብቻ ነው።

ዕቅዱ ስላልታደሰ ኤፕሪል 1 ቀን በጀቱ ተዘጋ። ይህን የነገረን ማንም የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፌዴራል ሕግ ረዳቶች መግቢያና መውጫቸውን በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲያስመዘግቡ ስለሚያስገድድ ጋሼ በየቀኑ በስልኩ ይመዘግባል። ስልኩም እንደ ወትሮው ተቀበለው። በጀቱ ከተዘጋ በኋላም መግቢያውን ተቀበለ፣ መውጫውን ተቀበለ፣ ያለበትን ቦታ ሳይቀር መዘገበ። ኤፕሪል 18 የደመወዝ ቀን ደረሰና ምንም አልገባለትም። ለክፍያ ድርጅቱ ስደውል «የጸደቀ በጀት የለም» አሉኝ። ጋሼ አንድ ሳምንት ተጨማሪ ያለ ክፍያ መጣ። «እሱ ምን አጠፋ?» እያለ ነው የመጣው። ኤፕሪል 25 ግን የቤት ኪራዩ ደርሶበት ነበርና መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ሥራ ጀመረ። ያልተከፈለው 95 ሰዓት ዛሬም አልተከፈለውም። ሰው ሠርቷል፣ ስልኩ መስክሯል፣ ደመወዙ የለም።

አሁን ወደ ኤፕሪል 29 ልምጣ። በአራቱም ደብዳቤዎቼ ጽፌዋለሁ፤ እስኪነበብ ድረስ እጽፈዋለሁ።

ወንድሜ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በአንድ የሐበሻ ግሮሰሪ ይሠራል። እንጀራ በፕላስቲክ ያሽጋል፤ አምስት አምስት እየቆጠረ ይደረድራል። ሦስት ዓመት የሠራበት ሥራ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ነው ማክሰኞ መድረሱን የሚያውቀው። በዚያ ማክሰኞ ጋሼ አልመጣም። እናቴ ቡና ልትቆላ ወጥ ቤት እንደገባች የአውቶቡስ ካርዱን ኪሱ ከትቶ ብቻውን ወጣ። የመጀመሪያውን አውቶቡስ በትክክል ተሳፈረ። ሁለተኛውን ለመያዝ ሲወርድ ግን ሁልጊዜ እጁን ይዞ ወደ ቀኝ የሚያዞረው ሰው የለም። በአውቶቡሶቹ መንገድ መሐል ላይ ቆመ። አምስት፣ አምስት እያለ ይወዛወዝ ጀመር። አንድ ሰው ፖሊስ ጠራ።

ሁለት ፖሊሶች እጁን ከኪሱ እንዲያወጣ አዘዙት። ኪሱ ውስጥ የያዘው የአውቶቡስ ካርዱን ነበር። በእንግሊዝኛ የሚጮህበትን ሰው አይሰማም፤ ጆሮውን መሸፈን ይፈልጋል፣ ካርዱን ደግሞ መልቀቅ አይፈልግም። ስድስት ጫማ የሚረዝም፣ እጁን ከኪሱ የማያወጣ ጥቁር ወጣት በዚህ አገር ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያተረፈው ከጋሼ ጋር ሲመላለስ የሚያውቀው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሾፌሩ ከአውቶቡሱ ወርዶ በመካከላቸው ቆመ፤ «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» አላቸው። ከካርዱ ጀርባ በጻፍነው ቁጥር የደወለውም እሱ ነው። እናቴ ስልኩን ስታነሳ መጀመሪያ የሰማችው የማይገባትን ጩኸት ነው። ከዚያ የልጇን ድምፅ ሰማች፤ «እማ፣ ውኃ። እማ፣ ውኃ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ ከቤት አልወጣም። ጫማ ሲያይ ይጮኻል።

በማግስቱ ለመሥሪያ ቤትዎ ደውዬ አገልግሎቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ለምን እንደተቋረጠ ጠየቅሁ። የተሰጠኝ መልስ «አልተቋረጠም፣ ጊዜው አልፎበት ነው» የሚል ነው። ያልተቋረጠ ነገር ማስጠንቀቂያ አያስፈልገውም ተባልኩ። ለእነዚህ አገልግሎቶች የሚከፍለው የመንግሥት የጤና መድን፣ የሜዲኬይድ፣ ደንብ ግን አገልግሎት ከመቀነሱ ወይም ከመቆሙ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሰጥ ያዛል። አገልግሎቱ ከመቆሙ በፊት ይግባኝ ያለ ሰውም፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ አገልግሎቱ ሊቀጥልለት ይገባል። ማስታወቂያው ባለመጻፉ ይግባኝ የምንልበት ወረቀት የለንም። ይግባኝ ሰሚውም «የትኛውን ውሳኔ ነው የምትቃወሙት?» ብሎ መለሰን። የማን ዕቅድ ነው ጊዜው ያለፈበት? ጊዜው ያለፈው እናንተ ሰው ሳትመድቡ ነው። ወንድሜ የቀረበት ቀጠሮ የለም፣ እኛ ሳናስገባ የቀረነው ወረቀት የለም። የእናንተን ባዶ ወንበር የእኛ ጥፋት አድርጎ የሚቆጥር ቃል ፈልጋችሁ አግኝታችሁ በእሱ ከሕጉ አመለጣችሁ።

በስልክ የመለሰልኝ ያው ሠራተኛ «እስከዚያው የቡድን መኖሪያ ቤት ብናፈላልግለትስ?» ብሎኛል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኦልምስቴድ ውሳኔ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ። ከማኅበረሰቡ ጋር መኖር የሚችልንና የሚፈልግን ሰው ያለ አግባብ በተቋም ማቆየት መድልዎ ነው ይላል። ወንድሜ እናቱ ቤት ይኖራል፣ ሥራ አለው፣ ሾፌር ያውቀዋል። የጎደለው አንድ ፊርማ ነው።

አዲሱ ዕቅድ በጁን መጨረሻ ጸደቀ፤ 34 ገጽ፣ በሙሉ በእንግሊዝኛ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፌዴራል ደንብ ዕቅዱ ባለጉዳዩና የሚደግፉት ሰዎች በሚረዱት ቀላል ቋንቋ እንዲጻፍ፣ እንግሊዝኛ በበቂ ለማይችሉም ተደራሽ እንዲሆን ይጠይቃል። ለእናቴ የተሰጣት የሃያ ደቂቃ የስልክ አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው የፕሮግራሙን ስም «ራሱን ማስተዳደር» ብሎ ተረጎመላት። እናቴ መንግሥት ልጇን ብቻውን ቤት አስገብቶ ሊተወው የወሰነ መስሏት አለቀሰች፤ እያለቀሰች ፈረመች። እኔ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። የእርስዎ ሠራተኛ ፊርማውን ወስዶ «ቤተሰቡ ተስማምቷል» ብሎ መዘገበ። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታ ሰነዶቿን ከምትተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱን አማርኛ አድርጋለች። ስለዚህ «አይቻልም» የሚለውን መልስ አልቀበልም።

የጋሼን 95 ሰዓት ክፈሉት። ኤፕሪል 1 የተደረገውን በትክክለኛ ስሙ ጠርታችሁ ማስታወቂያውን ጻፉልን፤ ይግባኝ እንበልበት። አስተባባሪ ሲለቅ ደግሞ ተተኪ መጥቶ አዲሱ እስኪጸድቅ ድረስ የነበረው ዕቅድ ሳይዘጋ እንዲቀጥል እዘዙ። ሦስተኛው የእርስዎ ፊርማ ብቻ የሚፈልግ ይመስለኛል።

በጀቱ አሁን ተከፍቷል። ጋሼ ግን የለም፤ በሌሊት ሥራው ጤና መድን አግኝቷል፣ ተመለስ ልለው አፍ የለኝም። በክፍያ ድርጅቱ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የሚናገር ረዳት አላገኘሁም። ግሮሰሪው የወንድሜን ቦታ እስከ ኦገስት መጨረሻ እንደሚያቆይለት ነግሮኛል።

ከዚህ በታች ያለው ሁለተኛው ፊርማ የእናቴ ነው። ስለ ልጇ ከተጻፉት ወረቀቶች አንብባ የፈረመችው ይህን ብቻ ነው።