ለደንበኞቻችን፦ አዲሱ የጋራ ቀን መቁጠሪያ ሰሌዳ ለምን እንዲህ ተሠራ?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ለመጪው ዓመት ያዘጋጀነውን የሰሌዳ ናሙና አይታችሁ «የለመድነው ባለ ሳጥን ካላንደር የት ሄደ?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ምክንያታችንን ልናስረዳ ወደድን።

ቀኑ ስንት እንደሆነ ለማወቅ የግድግዳ ካላንደር ይበቃል። አንድ መኪናና አንድ አዳራሽ ብዙ ሰው በሚጋራበት ቢሮ ግን የሚፈለገው ሌላ ነው፦ ማን መስክ ወጥቷል? መኪናው ማክሰኞ ተይዟል ወይ? የሁሉም ጉዳይ በአንዲት ጠባብ ሳጥን ከታጨቀ መልሱን ለማግኘት እያንዳንዱን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ይላል። ስለዚህ በአዲሱ ሰሌዳ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለመኪናውም ለአዳራሹም የየራሱን መስመር ሰጥተናል። ቀኖቹ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 30 ይሄዳሉ፤ የተያዘው ይቀለማል፣ ያልተያዘው ነጭ ይቀራል። ስብሰባ የሚጠራ ሰው ከላይ እስከ ታች ነጭ የሆነበትን ቀን ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ለዚህ የእኛ የዘመን አቆጣጠር እጅግ ይመቻል። አሥራ ሁለቱም ወሮች እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ያው ሰሌዳ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። 30 ቀን አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ነው፤ መስከረም 1 ሰኞ ከዋለ ጥቅምት 1 ረቡዕ፣ ኅዳር 1 ዓርብ ይውላል። ወር ሲለወጥ የሳምንቱ ቀናት የተጻፉበትን ማግኔት ሁለት ቦታ ወደ ግራ ትስባላችሁ፤ ወደ ግራ የሚሳብበት ቦታ ካለቀባችሁ አምስት ቦታ ወደ ቀኝ መመለስ ያው ነው። የማግኔቱ አንድ ገጽ በአማርኛ፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ ነው። ጳጉሜ ለብቻዋ ከታች ተቀምጣለች፤ ስድስተኛዋ ቀን በዘመነ ሉቃስ ብቻ ስለምትኖር በነጠብጣብ ከብበናታል።

ለየሰው የተለየ ቀለም የጠየቃችሁን አልተቀበልንም። ስሙ በመስመሩ ላይ ስላለ ቀለሙ የሥራውን ዓይነት ቢያሳይ ይሻላል፦ መስክ፣ ስብሰባ፣ ፈቃድ። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ አሉና በቀለሙ ላይ ምልክት ጨምረናል። ፎቶ ኮፒ ሲደረግም ይለያል።

መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11 ናቸውና ታትመዋል። ዒድ አልፈጥርና ዓረፋ ግን ጨረቃ የምትወስናቸው ስለሆኑ በሁለት ተከታታይ ቀናት ላይ በስስ መስመር ብቻ ተመልክተዋል። ጅማ ውስጥ የሚሰቀል ሰሌዳ ይህን ካላሳየ የግማሹን ሠራተኛ ዕቅድ ያበላሻል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችኋለን። የሕክምና ቀጠሮ ያለው ሰው ምክንያቱ እንግዳ በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ አይጻፍ፤ «የለም» የሚለው ይበቃል።

በቡና ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ለቀማ መኪናና መጋዘን ስለሚጣበብ ለእነሱ ተጨማሪ መስመር ብታስይዙ ይሻላል። የመስመሮቹን ስም ዝርዝር እስከ ነሐሴ 15 አድርሱን፤ ሰሌዳው ከጳጉሜ በፊት ይደርሳችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዲዛይን ክፍል፣ ጅማ